ተፈትሿል ብለን የፈረምንበት

መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

አያ ጀይላን፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ከረሙ? እማስ ጉልበቷን ተሻላት? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደብዳቤዎም ማሩም ደርሶኛል። ማሩ ረቢአ ሻንጣ ውስጥ ትንሽ ፈሶ ልትሸጠው ያመጣችው ልብስ ሁሉ ማር ማር ይሸት ነበር። ተቆጥታለች፣ ግን ለአንቱ ስትል ዋጠችው። መልሱን እስካሁን ስላቆየሁ አውፍ በሉኝ። በስልክ እንዳላወራዎ እማ ድምፁን ከፍ አድርጋ ለጎረቤቱ ሁሉ ታሰማዋለች። ከእንግዲህ የሆድ የሆዳችንን በወረቀት እናድርገው፤ ረቢአ እንደሁ ለንግዷ ከሚሴና እዚህ አረብ አገር መመላለሷ አይቀርም።

መሬት ሥር ባቡር ትነጂያለሽ ወይ ብለው ጠይቀውኛል። አልነዳም አያ። ሥራዬ የአንቱው ሥራ ነው፣ ስምሪት። አንቱ ከሚሴ መናኸሪያ በር ላይ ቆመው አውቶቡሱን በዓይንዎ እያዩ ያሰናብታሉ። እኔ ግን የማሰናብተውን ባቡር አላየውም። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የሞላ ሰሌዳ ፊት እቀመጣለሁ። ሐዲዱ እንደ ክር ተስሎበታል፤ ባቡሮቹ ቢጫ መብራት ሆነው በክሩ ላይ ይሄዳሉ። በእያንዳንዷ መብራት ውስጥ ስድስት መቶ ሰው አለ፤ የሚያንቀላፋ፣ ልጁን ያቀፈ፣ ሥራ የረፈደበት። ለእኔ ግን መብራት ናቸው። ጠዋት ሳያቸው ጨፋ ሜዳ ላይ ከጭጋግ ውስጥ የሚወጡ ከብቶች ይመስሉኛል፤ ኮቴያቸው ሳይሰማ ዝም ብለው የሚመጡ።

ልነግርዎ የፈለግኩት ሌላ ነው። በሰባተኛውና በስምንተኛው ጣቢያ መካከል አንድ ቦታ አለ። ባቡር እዚያ ሲደርስ መብራቱ ይጠፋል። ለአራት፣ ለአምስት ሰከንድ። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ተመልሶ ይበራል። ባቡሩ የት እንዳለ የሚነግረን በሐዲዱ ውስጥ የሚያልፍ ደካማ ኤሌክትሪክ ነው። ያ ሲሳሳት መሣሪያው ቦታው ባዶ ነው ብሎ ያምናል፤ ከኋላ የሚመጣውንም ባቡር «ና፣ መንገዱ ያንተ ነው» ይለዋል። መጀመሪያ ያየሁት መስከረም 11 ነው። ከዚያ ወዲህ ስድስት ጊዜ አይቻለሁ። መስከረም 12 እና መስከረም 24 በጽሑፍ ሪፖርት አድርጌያለሁ።

ወላሂ ያቺን አምስት ሰከንድ ትንፋሼን ይዤ ነው የማሳልፋት። ስድስት መቶው ሰው የት ይሄዳል እላለሁ። ባለፈው በሕልሜ አየሁት። ባቡሩ የሚወጣው ጨፋ ላይ ነው። በማሽላው መካከል ቀስ ብሎ ያልፋል፣ ሰዎቹ በመስኮት የቦርከናን ወንዝ እያዩ «ይሄ ደግሞ የት ነው?» ይባባላሉ፣ ከዚያ መሬቱ ይከፈትና ተመልሰው ይገባሉ። ማንም አልተጎዳም። ብቻ ሁሉም ጫማቸው ላይ ጭቃ ነበረ።

ቢስቁብኝም ይሳቁ።

እህትዎ ሳቢራ


ጥቅምት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳቢራ እህቴ፣

አካም ጅርታ? ናጋዳ? እኛ ደህና ነን። የእማ ጉልበት ተሽሎታል፤ ምላሷማ ከጉልበቷም የተሻለ ነው። «ልጅቷ ቀጥናለች» ትላለች። በስልክ ቅጥነትሽን እንዴት እንዳየችው አላህ ነው የሚያውቅ። ማሽላው ዘንድሮ አምሮበታል፤ ወፍ ካልጨረሰው።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሕልምሽ ሳቅሁ። ከዚያ ቀኖቹን አየሁና ሳቄ ቆመ። ለኔ ቀን ቆጥረሽ የምትጽፊው ምን ፈርተሽ ነው? ለማንኛውም ሪፖርት ካደረግሽ ያንቺ ድርሻ አልቋል። አለቆችሽ የሚሉሽን ስሚ። ሰው አገር ነሽ፤ ብቻሽን ከሁሉ በላይ አዋቂ አትሁኚባቸው።

በወረቀቱ ጀርባ በእርሳስ የጻፍሽውንም ጥያቄ አይቻለሁ። እኔም የማላምነውን መኪና አሰናብቼ አውቅ እንደሆነ ጠይቀሻል። ሃያ ስምንት ዓመት በር ላይ የቆመ ሰው ብዙ ያሰናብታል። ሌላ ጊዜ እናወራዋለን። አሁን ወረቀቱም አለቀብኝ።

ወንድምሽ ጀይላን

ደግሞ፦ ወረቀት አላለቀብኝም። መጻፍ ስላልፈለግኩ ነው። አውፍ በይኝ።


ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

አያ፣

ሰላምታዬ ለእማ ይድረስ። ዛሬ አጭር ነው የምጽፈው።

መብራቷ አሁንም ትጠፋለች፤ በዚህ ሳምንት አንድ ጊዜ ጠፍታለች። ሪፖርቴ ግን ተዘግቷል። አብዱሰላም የሚባል የፈረቃችን ኃላፊ አለ፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ስታመም እቤቱ ያስፈላውን ሾርባ ያመጣልኝ እሱ ነው። ወደ ጠረጴዛዬ መጣና «ቴክኒሻኖቹ ሄደው አይተውታል፣ ምንም የለም። ሪፖርትሽ ክፍት ሆኖ ከቆየ መስመሩን ዝጉ ይሉናል። ዝጊው» አለኝ።

«መቼ ነው የሄዱት?» አልኩት።

«ሄደዋል አልኩሽ እኮ።»

ኅዳር 13 ቀን «ተፈትሿል፣ ደህና ነው» የሚለው ሥር ፈረምኩ። አንቱ እንደመከሩኝ አለቃዬን ሰማሁ።

ፊርማዬን ሳየው የሌላ ሰው ስም ይመስለኝ ነበር። ሳ፣ ቢ፣ ራ እያልኩ አነበብኩት።

ሳቢራ


ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

አያ፣

ደህና ነኝ። መጀመሪያ ይሄንን ያንብቡ። ደህና ነኝ፤ ጭረት እንኳ የለብኝም፤ እኔ የነበርኩት ወንበር ላይ ነው።

ሳይሰሙ አይቀሩም። ጥር 1 ቀን ጠዋት በእኛ መስመር አንድ ባቡር ከፊቱ የቆመውን ሌላ ባቡር ከኋላ ገጭቷል። ቦታውን ልንገርዎ አልችልም፤ ያውቁታል። የፊተኛው እዚያው ቦታ ላይ ቆሞ ነበር። መብራቷ ጠፋች፣ እኔም እንደ ሁልጊዜው መቁጠር ጀመርኩ። አልተመለሰችም።

አሥራ አንድ ሰው ሞቷል። አንዱ የኋለኛው ባቡር ሾፌር ነው። ኢብራሂም ይባላል፣ ሱዳናዊ ነው። ፊቱን አይቼው አላውቅም፤ በሬዲዮ ድምፁን ብቻ ነው የማውቀው።

ስልኬን ለምርመራ ወስደውታል። እማ እንዳትሰማ አደራ። ተበላሽቶባት ነው ይበሏት። አብረን የተከራየነው ልጆች ውኃ ስንቀዳ እንኳ ቧንቧውን ቀስ አድርገን ነው የምንከፍተው። ጠዋት ጠዋት ባዶው መንገድ ላይ እሄዳለሁ። ከእግሬ ሥር ባቡር የሚያልፍ ይመስለኛል፣ መስመሩ ግን ዝግ ነው።

መርማሪዎቹ የጠየቁኝን ሁሉ መልሻለሁ። ያልጠየቁኝን አልመለስኩም።

ሳቢራ


ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ፣

አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ። ደብዳቤሽ እስኪደርስ አሥር ቀን ሙሉ ከሰው ጋር ስሄድ መሬቱ ይርቀኝ ነበር። ወሬውን የሰማሁት ከአንድ የባጃጅ ሾፌር ስልክ ነው። ከተማሽን ሲጠራ ሰምቼ «እስቲ መልሰህ አሳየኝ» አልኩት። ጭስና የተጨማደደ ብረት አየሁ። መናኸሪያው አጥር ሥር ተቀመጥኩ። ሦስት አውቶቡስ ሳልፈርምላቸው ሄዱ።

ለእማ ስልክሽ ውኃ ውስጥ ገባ ብያታለሁ። «ታዲያ የሰው ስልክ የላትም?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከሰላት በኋላ ከመስገጃዋ አትነሳም።

የአፋር ከብቶች ጨፋ ገብተዋል። አቧራቸው ከሩቅ ሲታይ የቆመ ደመና ይመስላል። አንቺ ብታይው አንድ ነገር ትዪ ነበር።

ሳቢራ፣ ያልጠየቁሽ ምንድን ነው? ለኔ ንገሪኝ። ለነሱ ግን አትቸኩዪ።

ጀይላን


የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

አያ ጀይላን፣

ዘገየሁ፣ አውፍ በሉኝ። ለማንም ያልነገርኩትን ልጽፍልዎ ስለሆነ ብዕሩ አልሄድ አለኝ።

ኩባንያው ጥፋቱ የሾፌሩ ነው ይላል። ኢብራሂም ተኝቶ ነበር፣ አለዚያም ስልኩን እየነካካ ነበር ተብሎ በጋዜጣ ወጥቷል። መርማሪ ኮሚሽኑን የምትመራው አንዲት ዕድሜዋ የገፋ መሐንዲስ ናት፤ ከዘራ ይዛ ዋሻው ውስጥ ራሷ ገብታ በእግሯ ሄዳለች። አስጠራችኝና «ከግጭቱ በፊት መቶ ሃያ ሜትር ያህል ሐዲዱ ላይ የፍሬን ምልክት አለ። የተኛ ሰው ፍሬን አይዝም» አለችኝ። ከዚያ ጠየቀችኝ። «ከዚያ ቀን በፊት መብራቱ ጠፍቶ ያውቃል?»

«አላስታውስም» አልኩ።

አላስታውስም አልኩ አያ። በየምሽቱ... አይ፣ በየሰዓቱ የማስታውሰውን።

ሁለቱ ሪፖርቶቼ ከኮምፒዩተሩ ውስጥ የሉም። ማን እንዳወጣቸው አላውቅም። ያለው ኅዳር 13 የፈረምኩት ብቻ ነው፤ እሱም የተለመደ ፍተሻ ይመስላል። አብዱሰላም በአጠገቤ ሲያልፍ «አንቺም እኔም እንግዶች ነን እዚህ አገር» አለኝ። የኢብራሂም ባለቤት ዓዲላ በየቀኑ መጥታ የኮሚሽኑ ኮሪደር ላይ ትቀመጣለች፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ግድግዳውን እያየ ነው የሚያልፈው። እኔም።

መብራቷ እንደምትጠፋ ቀን ቆጥሬ የጻፍኩት ወረቀት በዓለም ላይ ከአንቱ ሳጥን በቀር የትም የለም። የፈረምኩበትን የነገርኩዎም እዚያው ነው። ቢያገኙት እኔን ይዞኝ ይሄዳል። ሁለቱንም ያቃጥሉልኝ። ሌላ ነገር አልለምንዎም።

ሳቢራ


መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳቢራ እህቴ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሐሙስ ነው። ክብሪት ይዤ ጓሮ ወጣሁ። አንዱን ጫርኩት፣ ነፋስ አጠፋው። ሁለተኛውን ስጭር እማ በመስኮት «ምን ታቃጥላለህ?» አለችኝ። «ቅጠል» አልኳት። ከዚያ ክብሪቱ ጣቴን እስኪያቃጥለኝ ያዝኩት እንጂ ወረቀቱን አልነካሁትም።

በእርሳስ ለጠየቅሽኝ ጥያቄ አሁን ልመልስልሽ። አዎ፣ አሰናብቼ አውቃለሁ።

ሚያዝያ 2000 ነው። አንቺ ያኔ ትምህርት ቤት ነበርሽ፤ ቀብሩን ታስታውሽው ይሆናል። ሙሀመድኑር የሚባል ሾፌር ቅጥቅጥ አውቶቡስ ይነዳ ነበር። ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደና ወደኔ መጣ።

«ጀይላን፣ ፍሬኑ ደስ አላለኝም። ስረግጠው እስከ ወለሉ ነው የሚገባው። መካኒክ ይየው» አለኝ።

«የገበያ ቀን ነው፣ ሰዉ ተጭኗል። ካራቆሬ ደርሰህ ስትመለስ ይታይልሃል» አልኩት።

«ሀዬ፣ ፈርምልኝ እንግዲህ» አለ።

የመውጫ ወረቀቱ ላይ «ተፈትሿል» ብዬ ፈረምኩ። አልተመለሰም። መመለሻው ላይ፣ ቁልቁለቱ መሃል ፍሬኑ እምቢ አለ። አራት ሰው ሞተ፣ እሱ እግሩ ተሰብሮ ተረፈ። ትራፊክ ፖሊሱ «ሾፌሩ ስለ ፍሬኑ ነግሮህ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። «አልነገረኝም» አልኩ። ፍርድ ቤትም ደገምኩት። ሙሀመድኑር ክራንቹን ተደግፎ አየኝ። ሁለት ዓመት ታሰረ። ከዚያ ወዲህ መሪ ጨብጦ አያውቅም፤ ጨፋ ሮቢት ገበያ ከብት ያሻሽጣል። እኔ ጨፋ ሮቢት ከረገጥኩ አሥራ ሰባት ዓመት ሆነኝ። እማ «ለምን ሌላ ሰው ትልካለህ?» ስትለኝ ወገቤን ያመኛል እላለሁ።

እስከ ዛሬ በቀን ሠላሳ ጊዜ «ተፈትሿል» እላለሁ። አንዱንም ጎንበስ ብዬ አላየሁት። ብዕሩ ነው የሚፈትሽ።

ደብዳቤዎቹን ለረቢአ ሰጥቻታለሁ፤ ከነፖስታቸው፣ በፖስታው ላይ የደረሰበትን ቀን የጻፍኩበትም አለ። ለመርማሪዎቹ ልልክ እችል ነበር፣ አላደረግኩትም። ያንቺ ነው፤ የምታደርጊውን አንቺ አድርጊ። ሪፖርት ካደረግሽ ድርሻሽ አልቋል ያልኩሽን ግን መልሼ ወስጄዋለሁ። ያን የነገርኩሽ ስላወቅሁ አልነበረም፤ ስለፈራሁ ነው።

ወንድምሽ ጀይላን


ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

አያ፣

ረቢአ ፖስታውን ስትሰጠኝ «ከባድ ነው» አለች። ሦስት ቅጠል ወረቀት ነው፣ እሷ ግን በሁለት እጇ ነው የያዘችው። ዘጠኝ ቀን ትራሴ ሥር አቆየሁት። በዘጠኙም ሌሊት በሕልሜ ያው ባቡር ጨፋ ላይ ወጣ። በመጨረሻው ቀን ግን ቆሞ ነው ያገኘሁት። በሮቹ ክፍት ናቸው፣ ውስጡ ሰው የለም፣ ማሽላው በመስኮቶቹ ገብቶ በቅሏል። ነቅቼ ፊቴን ታጥቤ ወደ ኮሚሽኑ ሄድኩ።

ለመሐንዲሷ «አስታውሳለሁ» አልኳት። ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም፤ ወንበር ሳበችልኝ።

ደብዳቤዎቹ በአማርኛ ስለሆኑ ቃለ መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ አመጡ። በሞላ አዳራሽ ውስጥ አንድ የማላውቀው ሰውዬ ስለ እማ ጉልበትና ስለ ማሩ፣ ስለ ከብቶቹና ስለ ጭቃ ጫማው በሌላ ቋንቋ ጮክ ብሎ አነበበ። የኩባንያው ጠበቃ ተነስቶ «ይህ ሕልም ነው፣ ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም፣ ይዘለል» አለ።

«አይዘለልም» አለች መሐንዲሷ። «ቀኖቹ የተጻፉት ከሕልሙ በላይ ባለው መስመር ነው። ሁሉም ይነበብ።»

ቀኖቹ ሲነበቡ አብዱሰላም ራሱን በእጁ ያዘ። የኅዳሩ ደብዳቤ ሲነበብ ደግሞ እኔ ያዝኩ። በማግስቱ የሰሌዳው ክፍል በር ካርዴን አልቀበል አለ። ከዚያ በኋላ ከቴክኒሻኖቹ አንዱ ራሱ መጥቶ «ከመስከረም እስከ ኅዳር ወደዚያ ቦታ የላከን የለም» ብሎ መስክሯል።

እማ ምን ታውቃለች? ደግሞስ ወደ ገበያው ሄዱ? የትኛውን ገበያ እንደምል ያውቁታል።

ሳቢራ


ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ፣

አካም ጅርታ? አዎ፣ ሄጄ ተመልሻለሁ።

ጨፋ ሮቢት ስወርድ ገበያው ደርቷል። አቧራው ውስጥ ሰውም በሬም አንድ መልክ ነበረው። ሙሀመድኑርን በአነካከሱ ለየሁት፤ አንድ ቀይ በሬ በገመድ ይዞ ከገዢ ጋር ይነጋገራል። አየኝና «ጀይላን ነህ? ሸብተሃል» አለኝ። ያሰብኩትን ሁሉ ረሳሁት። «ፍሬኑን ነግረኸኝ ነበር» አልኩ ዝም ብዬ።

ገዢው ግራ ገብቶት አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያል። ሙሀመድኑር ገመዱን አልለቀቀም።

«ለዚህ ነው የመጣህ?»

«ለዚህ ነው።»

«ያን ቀን ፍርድ ቤት ሳይህ፣ ነገ ራሱ መጥቶ ይናገራል አልኩ። ነገ ነገ እያልኩ ሁለት ዓመቱ አለቀ። ከዚያማ ተውኩት።» ከዚያ በሬውን ለገዢው ትቶ «ለኔ ምን ትነግረኛለህ፣ እኔ አውቀዋለሁ። ለፋሪዳ ንገራት» አለኝ።

ፋሪዳ ልጁ ናት። ሰው የገደለ ሾፌር ልጅ እየተባለች ነው ያደገችው፤ አሁን አስተማሪ ሆናለች። ቤት ወሰደኝ። ውኃ አቀረበችልኝ፣ እኔም ብርጭቆውን ሳልነካ ነገርኳት። ብድግ ብላ ወጣች። ብዙ ቆይታ ተመለሰችና «ይሄንኑ ነገ የፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ሄደህ ትለዋለህ?» አለችኝ። አንተ ነው ያለችኝ፤ ሽበቴንም አላየችው።

«እላለሁ» አልኩ።

አብረን ሄድን። መዝገቡ አሥራ ሰባት ዓመት አልፎታል፣ የለም አሉን። ፋሪዳ ግን ተነስታ አልሄደችም። በማመልከቻ መልክ ጻፍኩት፣ ማኅተም አደረጉበት፣ ቅጂውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እስካሁን አታናግረኝም። ሙሀመድኑር ጁምዓ ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል፤ ከሰላምታ ግን አያልፍም። የሚገባኝ ይኸው ነው።

ስለ ሥራዬም ልንገርሽ። ከዚያ ቀን ወዲህ ፍሬኑን ራሴ ሳልረግጥ አልፈርምም አልኩ። በመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ መኪና ረፈደ። «ጀይላን ዛሬ መካኒክ ሆነ!» ብለው ጮኹብኝ፣ ተሳፋሪውም ሰደበኝ። አንዱ የፍሬን ቱቦ በላስቲክ ታስሮ አገኘሁት። ባለቤቱ «በዚሁ ስንት ወር ሄዷል» ይለኛል። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆኜ ቆየሁና ወደ መዝገብ ክፍል አዛወሩኝ። በሩ ላይ አሁን ሌላ ሰው ተቀምጦ ይፈርማል። ሁለት ሾፌሮች ግን ጠዋት ከመውጣታቸው በፊት በመስኮት ይጠሩኛል፤ ወርጄ አይላቸዋለሁ።

ለእማ ሁሉንም ነግሬያታለሁ፣ የኔንም ያንቺንም። አለቀሰች። ከዚያ «ቁጥሯን ደውልልኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርገው» አለችኝ።

ጀይላን


ነሐሴ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

አያዬ፣

እማ በስልክ ያለችኝን አልጽፍልዎም፤ የሷና የኔ ነው።

የኮሚሽኑ ሪፖርት ወጥቷል። ውሳኔውን ልንገርዎ። ኢብራሂም ጥፋት የለበትም፤ ባቡሩን ለማቆም የሚችለውን ሁሉ አድርጓል ይላል። ሐዲዱ ችግር እንዳለበት አስቀድሞ ታውቆ ሳይጠገን ቀርቷል፣ ሪፖርቶቹ ተሰርዘዋል ይላል። መስመሩ በሙሉ እስኪታደስ ዝግ ነው። አብዱሰላምና ከሱ በላይ ያሉ ሁለት ሰዎች ተባረዋል፣ ክስም አለባቸው። እኔ ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ ስለፈረምኩ የሙያ ፈቃዴ ተነጥቋል። ከእንግዲህ የትም አገር ባቡር አላሰማራም። ደብዳቤዎቹን ራሴ ስላቀረብኩ ክሱ ቀርቶልኛል። መስከረም ላይ ኢንሻአላህ እመጣለሁ። ምን እንደምሠራ አላውቅም፤ አይጠይቁኝ ለጊዜው።

አንድ ነገር ግን እስካሁን ደብቄዎታለሁ። ኮሚሽኑ ያውቀዋል፣ የሬዲዮውን ቅጂ ሰምቶታል። ለአንቱ መጻፍ ግን አልቻልኩም።

ሪፖርቱ የተነበበ ቀን ዓዲላ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። ግድግዳውን እያየሁ ላልፍ ስል ቀሚሴን ያዘችው።

«አንቺ ነሽ በሬዲዮ የምታነጋግሪው?»

«እኔ ነኝ።»

«ቅጂውን ልስማው ብዬ ለመንኳቸው፣ አይሆንም አሉኝ። የመጨረሻውን ምን አለ?»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከሰባተኛው ጣቢያ ሲነሳ ጠርቶኝ ነበር አያ። «እህቴ፣ ማሽኑ ሂድ ይለኛል። አንቺስ ምን ታያለሽ?» አለኝ። ለምን እንደጠየቀኝ አላውቅም፤ ምናልባት እሱም ስለዚያ ቦታ አንድ ነገር ይሰማው ነበር። ሰሌዳው ላይ ምንም አልነበረም። የፊተኛው ባቡር መብራት ከጠፋች ሦስት ሰከንድ ሆኗት ነበር። አሁን ትመለሳለች አልኩ በልቤ፤ ሁልጊዜ ስለምትመለስ። ለሱ ግን «ክፍት ነው፣ በሰላም ሂድ» አልኩት።

ይሄንኑ ሳልቀንስ ነገርኳት። ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ቀሚሴን አልለቀቀችውም፣ አላጠበቀችውምም። ዓይኗን ጨፈነች።

«እሱ እንዳለው አድርገሽ በይልኝ» አለች። «በድምፁ።»

ድምፁ ወፍራም ነበር፣ አረብኛውን ጎተት አድርጎ ነው የሚናገረው። እንደምንም ሞከርኩ።

«ድገሚልኝ።»

ደገምኩላት። ከንፈሯ ከኔ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር።

«የኔንም መልስ ልበለው?» አልኳት።

«አትበይው» አለች። «የሱን ብቻ።»

ጽዳቶቹ መጥተው ወንበሮቹን መሰብሰብ እስኪጀምሩ ድረስ እዚያው ተቀመጥን። እሷ ድገሚልኝ ትላለች፣ እኔ እደግማለሁ።

እህትዎ ሳቢራ